አንዴ ብቻ የሚጠይቁበት አገር

ታናሽ እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል፣ ቡሬ አጠገብ ካለው የወላጆቻችን ቤት ፍኖተ ሰላም ድረስ አስመጥቼ ሦስት ቀን አስተማርኳት። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። የአገሩን ሕግ በደብተር በተራ ቁጥር ጻፍኩላት፦ ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሺ፤ አረቄ ይዘሽ እንዳትገቢ፤ የማታነቢውን ወረቀት አትፈርሚ። ፈተንኳት። አንዱንም አልሳተችም።

በስምንተኛው ወር የቤቱ እመቤት ብትደበድባት ሸሽታ ወጣች፤ ፖሊስ ያዛት። እዚያ ከአሠሪ ቤት መጥፋት ያስከስሳል፤ ድብደባውን ማስረዳት የምትችለው ቃሏን ስትሰጥ ነበር። ፖሊሱም በለመደችው ጥቂት ዓረብኛ፣ አስተርጓሚ ይምጣልሽ ወይ ብሎ ጠይቋታል።

«አይ፣ አትቸገሩ» አለች።

እኛ ዘንድ ይህ እምቢታ አይደለም። እንግዳ «ብላ» ሲሉት «አሁን በልቼ መጣሁ» ይላል፤ «በሞቴ!» ሲባል ነው እጁን የሚታጠበው። በመጀመሪያው ጥሪ ወደ ማዕድ የቀረበ ሰው ይታማል። እህቴም «በሞቴ»ን ጠበቀች። ፖሊሱ ግን አስተርጓሚ እንደማትፈልግ ጽፎ፣ ቃሏ ነው ያለውን ወረቀት እንድትፈርም አቀረበላት።

«ያን ሁሉ ሰው አቁሜ እንዴት አልፈርምም ልበል ጋሼ?» አለችኝ ከእስር ቤት ስትደውል። ወረቀቱ ማንም ሳይነካት በገዛ ፈቃዷ ጠፋች ይላል።

አንዴ ብቻ እንደሚጠይቁ በደብተሩ አልጻፍኩም። ሰው ሁሉ እንደኛ የሚኖር መስሎኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ እናታችን ዘንድ ሳለሁ እህቴ ደወለች። ዳኛ ፊት ልትቀርብ ነው።

«አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ቢሉሽ፣ ወዲያው እፈልጋለሁ በይ» አልኳት።

እናታችን ቆጣ አለች። «ልጄን ዓይናውጣ ልታደርጋት ነው? አንዴ ይቅርብኝ ብትል ምን አለበት?»

«እማዬ፣ እዚያ ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም።»

«ምስኪኖች! የሚያሳድጋቸው አጥተው ነዋ።»

ወደ ስልኩ ተመለስኩ። «እስቲ በይው።»

«እፈልጋለሁ… ካላስቸገርኳችሁ።»

«የመጨረሻዋን ተያት።»

«እፈልጋለሁ» አለች፣ ሰርቃ እንደተያዘች ሰው ባነሰ ድምፅ። ጮክ በይ ልላት ስል ስልኩ ተቋረጠ። ዳኛው ፊትም በዚያ ድምፅ ከተናገረች፣ ማን ንጹሕ ናት ብሎ ያምናታል?