አቶ ወጋየሁና ስምንቱ ዓመት

አቶ ወጋየሁ በስልክ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ ምልክት ያላሰሩበትን ሽቦ ነቅለው አያውቁም። ጡረታ ወጥተው ነፋስ ስልክ ባለው ቤታቸው ሲቀመጡ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጀርመናዊ መሐንዲስ ኮምፒውተር ገዙ። ልማዳቸው ግን አልለቀቃቸውም፤ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት ሲማሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከነቀኑ በደብተር ያሰፍሩ ነበር።

ስለዚህ በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መስኮቶቹ በየመሃሉ እየቆሙ ያስቸገሩትን ዴስክቶፕ የሚባል የማሳያ ፕሮግራም ነቅለው እንደገና ሊተክሉ ሲነሡ ደብተራቸውን ተማምነው ነበር። አሮጌውን አጠፉ፤ አዲሱን ከሲዲ ገልብጠው ማሽኑ እንዲገጣጥመው አዘዙ። ማሽኑ ግን ገና ሲጀምር እምቢ አለ፤ በጥቁሩ ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጽፎ ቆመ።

ልጃቸው ጸደንያ ከኋላቸው ቆማለች። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት የምትነድፈው በዚሁ ማሽን ነው። ቀሚስ ያዘዘችው ሙሽራ እናት ወይዘሮ አስቴር በዘጠኝ ሰዓት ከብስራተ ገብርኤል ይመጣሉ፤ ንድፉን ካላዩ ሥራውን ለሌላ ሊሰጡ ነው።

«አባዬ፣ ጥለቴንም አብረህ ነቀልከው?»

«ጥለትሽ አለ። የሌለው ማሳያው ነው።»

«ወይዘሮ አስቴር ይህን ጥቁር ነገር ካዩ ለልቅሶ የተሠራ ነው የሚሉት።»

ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ያው መልስ መጣ። በአራተኛው መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ አውርደው መስመሩን ቃል በቃል ፈቱት፦ አሁን የተፈጠረው ፋይል ከሲዲው ከመጡት ይልቅ የቆየ ነው፤ ሰዓትህን ተመልከት።

ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አሉ፤ የማሽኑ ሰዓት ከእሱ ጋር ይገጥማል። ደብተራቸውን ወደ ኋላ ገለጡ። ባለፈው ሳምንት «በአንድ ቤት ሁለት ዘመን አይቆጠርም» ብለው የማሽኑን ዓመት ከፈረንጁ 1999 ወደ እኛው 1991 ያወረዱት ራሳቸው ናቸው። ለማሽኑ የሲዲው ፋይሎች ገና ካልደረሰ ዘመን የመጡ ነበሩ።

«የእኔው እጅ ነው» አሉ ረጋ ብለው።

«እንግዲያስ ስምንት ዓመት ወደፊት ውሰደው» አለች ጸደንያ። «እኔን ብቻ አብረህ እንዳትወስደኝ፤ ሳላገባ አረጃለሁ።»

ዓመቱን መለሱ። ፕሮግራሙ መስመር በመስመር ተሠራ፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ መስኮቶቹ ተከፈቱ።

ወይዘሮ አስቴር በቀጠሯቸው መጥተው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ጥለቱን በጣታቸው ተከትለው፣ «መስቀሉ ትንሽ ይስፋ። ሌላው እንዳለ ይሁን» አሉ።

አቶ ወጋየሁ ደብተራቸውን ስበው፣ «ከመንቀልህ በፊት ዓመቱን እይ» ብለው ጻፉ። ከላዩም ቀኑን አሰፈሩ፦ ግንቦት 14 ቀን 1991።