«እናትህ ታመዋል» ያልኩባቸው ሁለት ቀኖች

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ የርስት ክርክር እንደ አሸን በፈላበት ዘመን፣ በጎንደር ፍርድ ቤት እንደ እኔ ያለ መጥሪያ አድራሽ አልነበረም። መጥሪያው በጊዜ ካልደረሰ ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ከሳሽም የመጣበትን መንገድ ባዶ እጁን ይመለሳል። እኔ በያዝኩት ጉዳይ ይህ ደርሶ አያውቅም። ፊደል እንኳ ያስተማረኝ ሰው የለም። ማመልከቻ ጸሐፊዎች በፍርድ ቤቱ በር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ጮኽ ብለው ሲያነቡ፣ ከጀርባቸው ቆሜ በዓይኔ እየተከተልኩ ለመድኩት። ከብዙ ዲያቆን ይልቅ አጥርቼ አነብ ነበር።

ባላገሩ ከመጥሪያ መደበቅ ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ማውጣት አውቃለሁ። አንዱን በሬ ገዢ፣ ሌላውን ሰርግ ጠሪ መስዬ አግኝቼዋለሁ። ስሜን ትተው «አያ መጥሪያ» ይሉኝ ነበር።

ከኮሶዬ ወዲያ ያለ አንድ ገበሬ በአጎቱ ልጅ ተከሰሰ። ሁለት መልእክተኞች ሄደው «ቆላ፣ ዛሪማ ወርዷል» ተብለው ተመለሱ። ዳኛው መጥሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። የሰውየው እናት ጎንደር ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ጎረቤቴ ናቸው። በጭነት ማኪና ኮሶዬ ደርሼ፣ ገደሉን በእግሬ ወረድኩ። የአጥቢያውን ዳኛ ለምስክርነት ከቁጥቋጦ ጀርባ አስቀምጬ፣ ከአጥሩ ውጭ ተጣራሁ።

«እናትህ ታመዋል! ድረስላቸው!»

ሰውየው ከጎተራው ጀርባ ሮጦ ወጣ። «ምን ሆነች? ምኗን አመማት?» ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ መጥሪያውን አስጨበጥኩት።

ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። «እናቴስ?»

«ደኅና ናቸው። ሐሙስ ፍርድ ቤት ስትመጣ ታያቸዋለህ።»

«ሸጋ አድርገህ ያዝከው!» ብሎ የአጥቢያው ዳኛ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክርክሩ በቀጠሮው ተሰማ። እናቱ ነገሩን ሲሰሙ ግን «ምነው ልጄ፣ በእኔ ታሟርታለህ?» አሉኝ።

ክርክሩ ሳያልቅ ክረምት ገባ፤ እናቱም የእውነት ታመሙ። ሴት ልጃቸው ቤቴ መጣች። «ወንድሜን ከተደበቀበት የሚያወጣው ካንተ ሌላ የለም። ዓይኗ ሳይከደን ይድረስ።» እውነቷን ነው አልኩ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ማኪና አይሄድም ነበርና ቀኑን ሙሉ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያው አጥር ስር ቆሜ ያንኑ ቃል ተጣራሁ።

ሚስቱ ወጣች። «ዛሪማ ወርዷል።»

የባሏ ዱላ ከደጃፉ ተደግፎ ይታየኛል። «እመት፣ ዛሬ መጥሪያ የለኝም። እናቱ ሊሞቱ ነው።»

ድምፁ ከጎተራው ጀርባ መጣ። «አያ መጥሪያ! በበጋ አሳመምካት፣ በክረምት ልትገድላት ነው? አባቴንስ ከመቃብር አትጠራልኝም?»

ጋቢዬን አራገፍኩ፤ ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ። «ወረቀቱን ምስክርህ ይዞታል» አለ። በማርያም ማልኩለት። ሚስቱ ወደ ቁልቁለቱ ስትመለከት፣ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ሲወርድ እኔም አየሁት። ተከተልኩት፤ በተከተልኩት ቁጥር ሩጫው ባሰበት።

የደብሩን ቄስ ለመንኩ፤ በማግስቱ እሳቸው ፈልገው አገኙት። እሳቸውን አመናቸው። ጎንደር ሲደርስ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነበር። ከለቅሶው ቤት ከሰው ኋላ ተቀመጥኩ፤ አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን መለሰ።

ክረምቱ እንደወጣ በዚያው ክርክር ሌላ መጥሪያ ተጻፈበት። ሌላ ሰው ይሂድልኝ ማለት ይቻለኝ ነበር፤ አፌ አልታዘዘልኝም። አጥሩ ጋ ሳልደርስ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን ከሩቅ ዘረጋ።

«አትጣራ» አለኝ። «ስጠኝና ሂድ።»

ሰጠሁት። ያም መጥሪያ በጊዜው ደረሰ።