ጊዜው ያለፈበት መብት

የድሮ ጋዜጣ አቧራ ይናፍቀኛል ብል የእህቴ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዲላ፣ አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰባበሩት ዴስኮች ጀርባ እስከ ጣሪያ የተከመረ ጋዜጣ ነበር። ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያንን ክምር ከአንድ ብረት በያጅ ጋር ቅጠል በቅጠል ገልጬዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ሥራ የለም። እንደዚያ ያበሳጨኝም የለም።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። እሱ ዱመርሶ የምትባል የገጠር መንደር የገበሬ ልጅ ሲሆን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። አንድ ቀን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ይርጋጨፌ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የተበላሸ መፈልፈያ መኪና ሊጠግን ሄዶ፣ የመኪናዋ ሆድ ላይ የተመታች የናስ ሰሌዳ አይቶ ኖሯል። ፊደሉ የፈረንጅ ስለሆነበት ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ሲፈገፍግባት ጽሑፉ እንዳለ ወረቀቱ ላይ ወጣለት።

"ወይዘሪት፣ ይህቺ ምን ትላለች? እባክዎ ያንብቡልኝ" አለ።

የፋብሪካው ስም አለ፤ እንግሊዝ አገር እንደተሠራች ይላል፤ ቁጥር አለ። ከቁጥሩ በፊት ደግሞ "ፓተንት" የሚል ቃል። እኔም አላውቀውም። ለአስተማሪ አላውቅም ማለት ሞት ነውና "ነገ ይምጡ" አልኩትና ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለበጥኩ። አንድ ሰው ለፈጠረው ነገር መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው፤ እስከተወሰነ ዘመን ድረስ ያለ እሱ ፈቃድ ያንን ነገር ማንም ሊሠራው አይችልም። በማግስቱ ይህንን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

ለካ እሱም መፈልፈያ መሥራት ጀምሮ ነበር። ከአሮጌ የነዳጅ በርሜልና ከዋንዛ እንጨት የምትሠራ፣ በእጅ የምትዞር፣ የቀላውን እሸት ቡና ከቆዳው የምታላቅቅ ትንሽ መኪና። "እናቴ እሸቱን ተሸክሞ እስከ ማጠቢያው ይሄዳል። ጀርባው አለቀ" አለኝ። አማርኛን ከጌዴኦኛ በኋላ የተማረ ስለሆነ ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል፤ እናቱ "እሱ" ነበረች። መጀመሪያ ላይ ላርመው ምላሴን ይበላኝ ነበር። ዛሬ ያንን ስህተት አንዴ ብሰማው ደስታዬ ነው።

"እንግዲህ እኔ ሌባ ነኝ ማለት ነው?" አለ።

"የእርስዎ ከእነሱ ጋር ይመሳሰላል?"

"የእነሱ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ የእኔን በምን እለያለሁ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይሠራ ነበር። ዲላ ላይ ተቀምጦ ማን ያየዋል? እሱ ግን መዶሻውን አስቀመጠ። ባለቤቱን ሳላጣራ የሰው ነገር አልነካም አለ። ልቤን የወሰደው ይህ ጠባዩ ነው። በኋላ ጉድ የሠራኝም ይኸው ጠባዩ ነው።

ብረት ሊገዛ አዲስ አበባ በሄደበት አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ ጠየቀ። አንድ ጸሐፊ "ለዚህ ገና ሕግ አልወጣለትም። የውጭ ፋብሪካዎች መብታቸውን የሚያሳውቁት ጋዜጣ ላይ ማስጠንቀቂያ እያወጡ ነው፤ ጋዜጣ ይመልከቱ" ብሎ ሸኘው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያስገባን ይህ መልስ ነው። ዲሬክተሩ ፈቀዱልን፤ "በሩ ግን ይከፈት" አሉ። ተከፈተ። ዝናብ በጣለ ቁጥር እስከ እግራችን ድረስ ይረጨን ነበር።

እሱ ሥዕል ይፈልጋል፣ እኔ ጽሑፍ። "ማስጠንቀቂያ" የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር "ተገኘ!" እላለሁ፤ እሱ አንገቱን ያሰግጋል። የሳሙና ይሆናል፣ የምላጭ ይሆናል፣ የብስክሌት ይሆናል። አንዴ ጠጉር የሚያበቅል ቅባት ሆኖ ተገኘ። እሱ ገና በወጣትነቱ በራ ነበርና ራሱን እየዳሰሰ "ይህቺንስ ብሰርቃት እግዚአብሔርም ይቅር ይለኛል" አለ። ዲሬክተሩ ምን ሆናችሁ ብለው እስኪመጡ ድረስ ሳቅን።

ክምሩ አለቀ፤ የመፈልፈያ ማስጠንቀቂያ አልነበረበትም። "በቃ፣ ይሥሩ" አልኩት። "ጋዜጣ ላይ አልወጣም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም" ብሎ ድርቅ አለ። ግትር! ስለዚህ የሰሌዳዋን ቁጥር ጠቅሼ፣ እንግሊዝ አገር የፈጠራ መዝገብ ለሚይዘው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማለት ፖስታ ቤት ማለት ሆነ። ሳጥኑ ባዶ መሆኑን እናያለን፤ ከዚያ የይርጋጨፌን መንገድ ይዘን በእግራችን እስከ ከተማው ዳር፣ እንሰቱና ቡናው እስከሚጀምርበት ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ስለ መፈልፈያዋ ጥርስና ከበሮ ያወራኛል፤ የሚያወራውን ግማሹን አልሰማውም ነበር። እውነቱን ለመናገር መልሱ ባይመጣ እወድ ነበር።

መጣ። ወፍራም ፖስታ ነው፤ የመፈልፈያዋ ሥዕልና በደቃቅ ፊደል የተሞላ ብዙ ገጽ አለው። ተርጉሞ መጨረሱ አምስት ቅዳሜ ፈጀ። ፈጣሪው መኪናዋን ከእግሯ እስከ ራሷ ከገለጸ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ ከሌሎች ሰዎች ሥራ ለይቶ የራሱ የሆነውን በተራ ቁጥር ያስቀምጣል። አሥራ አንድ አንቀጽ ነበር። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ አነጋገር ነው፤ እኔ "የእኔ ነው የምለው" ብዬ ተረጎምኩት። "የእኔ ነው የምለው፣ ጥርሱ ወደ ጎን ያዘነበለ የብረት ከበሮ..." እያልኩ አነብለታለሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ በጣቱ ሥዕሉን ይከተላል። ጥፍሩ ውስጥ ሁልጊዜ ግራሶ ነበር፤ ወረቀቱን እንዳያቆሽሽ ጣቱን ከፍ አድርጎ ነበር የሚከተለው።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ተጣራ። የእሱ ከበሮ የእንጨት፣ ጥርሱም ሚስማር ስለሆነ ከአሥራ አንዱ አንዱንም አይነካም። ቢነካም ምንም የለበትም፤ አብሮ የመጣው ደብዳቤ የመብቱ ዘመን ካለቀ ዓመታት እንደሆነው ይናገራል።

"ካለቀ ሰሌዳዋን ለምን አልነቀሏትም?" አለ በመገረም።

"ማን ይነቅላታል? ሲያልቅ እየዞረ የሚነቅል ሰው የለም" አልኩት።

ለቡናው ለቀማ መኪናዋን አደረሳት። አንድ ከሰዓት መሐረብ ቋጥሮ መጣና መዳፌ ላይ ዘረገፈልኝ፤ ንፍጡ ያልለቀቀ፣ ነጭ፣ አንድም ያልተሰበረ የቡና ፍሬ። "እናቴ ራሱ አዞረው!" አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያንን ፍሬ አጥቤ አድርቄ ለብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ከዚያ ሽማግሌ ይልካል ብዬ ጠበቅሁ። አልደብቅም፣ ጠበቅሁ። እሁድ እሁድ ደህና ቀሚሴን ለብሼ በረንዳ ላይ እቀመጥ ነበር። አባቴ ወዲያው እሺ ይሉ ነበር አልልም። እሳቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ እሱ በያጅ፤ እኛ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ። ግን የምመልስላቸውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር።

ሽማግሌ አልመጣም። እሱ ብቻውን፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ባርኔጣውን ይዞ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ መጣ። ጅማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ አለኝ።

"መፈልፈያዋስ?"

"ልኳን ለዱመርሶና ለባንኮ ጎቲቲ መንደር አናጢዎች ሰጠሁ። ማንም ይሥራት።"

የእንግሊዙን ወረቀት መለሰልኝ። ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆይቶ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወይዘሪት" አለ። እኔም ኩሩ ነኝ፤ "መልካም መንገድ ይሁንልዎ" አልኩት። ዞሬ ቶሎ ገባሁ። አንተ አንቺ ሳንባባል ቀረን።

ብዙ ዓመት አለፈ። ንጉሡ ወረዱ፣ አባቴም አረፉ። አንድ ቀን ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጨርቅ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ ሀጂ እኔን በልጅነቴ የሚያውቁኝ፣ የአባቴ የዘመናት ጎረቤት ናቸው። ጨርቁን እየለኩ ወሬ አመጡ።

"ያ በራው በያጅ ወላሂ ደህና ሰው ነበር። ያኔ ስላንቺ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር እኮ።"

"ምን ብሎ?"

"ሽማግሌ ከመላኬ በፊት፣ ልጅቷ ለሰው የተባለች እንደሆነች ይንገሩኝ አለኛ። እኔም የማውቀውን ነገርኩት፤ ይርጋለም ላለ ሰው ልጅ ቃል ተገብቶባታል አልኩት። ምነው ልጄ፣ ውሸት ነው እንዴ?"

ውሸት አልነበረም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ለጓደኛቸው ልጅ ሊድሩኝ ቃል ሰጥተዋል፤ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቷል፣ ሀጂም ነበሩ። ልጁ አደገና አሥመራ ሄዶ ሌላ አገባ፤ ቃሉም ፈረሰ። እኛ ዘንድ ግን ቃል ሲሰጥ ጎረቤት ይጠራል እንጂ ሲፈርስ ማንም አይጠራም። ነውር ነውና ሁለቱም ቤት ዝም ይላል። ሰፈሩ እኔን እንደተባልኩ ነበር የሚያውቀኝ፤ ሰሌዳዬን የነቀለልኝ ሰው አልነበረም።

ከሱቁ የወጣሁት በንዴት ነው። ባሕር ማዶ ደብዳቤ ያስጻፈ ሰው፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ እኔን መጠየቅ እንዴት ያቅተዋል? ያን ሁሉ ጋዜጣ ሲገልጥ ያልታከተው፣ በአንድ ነጋዴ ቃል ይመለሳል? የብረቱን መብት ዘመኑ አልፎ ይሆን ብሎ ያጣራ ሰው የእኔን ለምን አላጣራም? ለብዙ ጊዜ እንዲህ እያልኩ ብቻዬን ተጣላሁት። እያደር ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ።

አሁንም ዱመርሶን በአውቶቡስ ሳልፍ፣ በለቀማ ወራት፣ መስኮቱን ከፍቼ አዳምጣለሁ። ከእንሰቱ ውስጥ የእንጨት ከበሮ ሲንኳኳ የሰማሁ ይመስለኛል። እሱ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ጅማ ደብዳቤ ልኬ ነበር፤ መልስ አልመጣም።

የእንግሊዙ ወረቀት ግን እኔ ዘንድ ነው። ዳሩ ላይ አንድ ቦታ፣ አንዴ ተሳስቶ የነካው፣ የግራሶ አሻራ አለበት። "የእኔ ነው የምለው" ብዬ አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤለታለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ትከሻው ከትከሻዬ ስንዝር ርቆ። አንድ ጊዜ እንኳ ከወረቀቱ ቀና ብዬ አላየሁትም።