እትዬ ብዙነሽ ሳቫናን ሲጎበኙ

ታደገ የባነነው እህቱ እትዬ ብዙነሽ ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ባነነ ስንል ተኝቶ ነበር ማለት አይደለም፤ እንቅልፍማ ከየት መጥቶ! ቀን የአትላንታ ኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ ይነዳል፣ ማታ መጋዘን ይሠራል። እትዬ እሱን ብለው ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ አትላንታ ዳር፣ ክላርክስተን ባለው አፓርትመንቱ ውስጥ ከቲቪ ጋር ተፋጠው ከረሙ። አሁን እናታቸው «ልጄን እንዴት አገኘሽው?» ሲሉ ምን ሊሏቸው ነው? «ኧረ ፊቱንም በቅጡ አላየሁት» ብለው እኚያን አሮጊት በሐዘን ሊገድሏቸው?

እናም ቅዳሜ ጠዋት ከመጋዘን እንደወጣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ እህቱን መኪና ውስጥ አስገብቶ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ነድቶ ሳቫና ገባ። ፓርክ ሲያደርግ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ይኸውልዎ እትዬ፣ እንግሊዝ ጆርጂያን ሲገዛ የቆረቆረው ከተማ ነው። ዙሪያውን ሆቴል በሆቴል አደረጉት እንጂ መሃሉን አልነኩትም። እዚህ ጡብ ቤት ጋ ይቁሙ፣ ፎቶ ላንሳዎ። ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ እማዬ ታየዋለች!»

እትዬ ቆሙ። ፈገግም አሉ። ጉልበታቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ እሪ እያለ ነው። ለእሳቸው ብሎ ያን ሁሉ መንገድ የነዳን ሰው «ደከመኝ» ይሉታል? ይሉኝታ ይዟቸው ከአደባባይ አደባባይ ሲያነክሱ ዋሉ። ወንዙ ዳር ያለው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲደርሱ ግን አመለጣቸው።

«ታዴ፣ ይሄ ኮብልስቶን አይደል እንዴ? ይሄንንማ የኛም ቀበሌ አንጥፎልናል፤ ጫማ ጨረሰ እንጂ!»

ታደገ ሊስቅ አፉን ቢከፍት ማዛጋት ሆነበት። ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ቀጥሎ ደግሞ አንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን . . .» አለና ሳይጨርሰው አንገቱ ዘንበል አለ።

ሲነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጭንቅላቱ እህቱ ትከሻ ላይ፣ ነጠላቸው እሱ ላይ ነው።

«ውይ እትዬ! ቀኑን ገደልኩት! ምኑንም ሳያዩ!»

«እኔማ ያየሁትን አየሁ፤ በእንቅልፍህ ስታቃስት ነው የቆየኸው» አሉ እትዬ። «ለእማዬ ደህና ነው እላታለሁ፣ ፎቶውንም አሳያታለሁ። እሷን እኔ እዋሽልሃለሁ። እኔን ግን አትዋሸኝ ታዴ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!»

«ኧረ ደህና ነኝ» ሊል ነበር። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ በስልክ ሲላቸው የኖረው ይህንኑ ነው።

«ደክሞኛል፣ እትዬ» አለ።