የሟቹን ቆዳ የለበሰው ግልገል

በአዘቦት ቀን ቴክሳስ ውስጥ ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ ካለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከምንኖርበት ከካሮልተን ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ አንድ የአጋዘን እርባታ እሄዳለሁ። «በእረፍትሽ ቀን ምን በወጣሽ!» የሚለኝ ብዙ ነው። ግልገሎቹን ጡጦ ማጥባት ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እናቴን አፓርትመንት ውስጥ ብቻዋን መተው ስለማልወድ ይዣት እሄዳለሁ። ጥላ ስር ወንበር እዘረጋላታለሁ፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ሥራዬን ስታርም ትውላለች።

እናት አጋዘን እንደ ላም አይደለችም። እንደወለደች ልጇን ረጅም ሣር ውስጥ ደብቃ ርቃ ትሄዳለች። ብቅ የምትለው ለማጥባት ብቻ ነው። እያጠባች ከጅራቱ ስር ትልሰዋለች፤ ካልላሰችው ሽንቱም አይመጣለትም። ሽታውን ልሳ ስለምታጠፋው ቀበሮ እንኳ አጠገቡ አልፎ ላያገኘው ይችላል። ለእሷ ግን የምትለይበት ትንሽ ሽታ ይቀርላታል፣ የራሷ መሆኑን የምታውቀውም በዚያ ነው።

ባለፈው ግንቦት አንድ አርብ በረዶ የቀላቀለ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ባለቤቱ፣ ቃል የማያባክን ሽማግሌ ቴክሳሳዊ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አንዷ እናት በመብረቁ ደንግጣ ከአጥሩ ጋር ተላትማ ሞታለች፤ ግልገሏ ተርፏል። የሌላዋ ግልገል ደግሞ በተደበቀበት ጎድጓዳ ቦታ ውኃ ሞልቶበት ሞቷል።

የተረፈውን ተረከብኩ። ጡጦ አልይዝም አለ። የፍየል ወተት አሞቅኩለት፣ የጡጦውን ጫፍ ቀየርኩለት፣ እናት እንደምትልሰው በእርጥብ ጨርቅ ከጅራቱ ስር አሸሁት። እሱ አፉን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። እኩለ ቀን ላይ አንገቱን ማቅናት አቃተው። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አየውና እስከ ማታ ካልጠባ አያድርም አለኝ። እልህ ያዘኝ። አልቅሻለሁም፣ ምን እደብቃለሁ።

ልጇ የሞተባት እናት በረቱ ውስጥ ግቷ ተወጥሮ ትንቆራጠጣለች። ግልገሉን አስጠጋንላት። አሸተተችውና በፊት እግሯ መታችው።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። «የሞተውን አልቀበራችሁትም አይደል?»

«ኧረ እማዬ፣ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቆዳውን ግፈፉና ይሄኛውን አልብሱት።»

በልጅነቷ በሀገሯ፣ ጥጃዋ የሞተባት ላም አልታለብም ስትል ቆዳውን ገለባ ሞልተው ፊቷ ያቆሙላት እንደነበር ነግራኛለች። ግን ላም ሌላ፣ አጋዘን ሌላ።

«ኦኬ እማዬ፣ በቃ። ማለቴ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም።»

«ልጅ ርቦት እየሞተ አገር ይመረጣል?»

እያፈርኩ ለባለቤቱ ተረጎምኩለት። አልሳቀም። አባቱ በበግ እንዲህ ያደርግ እንደነበር፣ በአጋዘን ግን ተሞክሮ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝና ቢላዋ ሊያመጣ ሄደ።

እሱ ገፈፈ፣ እናቴ አለበሰች። ቆዳው ገና እርጥብ ነው። ባዶዎቹ እግሮች በሕያዋኑ እግሮች ጎን ተንጠለጠሉ። ሆዱ ስር በገመድ አሰረችው። የሞተው ተነስቶ የቆመ መስሎኝ ዘገነነኝ፣ ፊቴን አዞርኩ።

እናቲቱ ቀረበች። ከጅራቱ ስር አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ መላስ ጀመረች። እሷ የሞተ ልጇን ቆዳ ስትልስ፣ ከስሩ ያለው ሕያው ግልገል ተንገዳግዶ ግቷን አገኘ። ሲጠባ ድምፁ ይሰማ ነበር። ባለቤቱ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ በደስታ እናቴን አቀፍኳት፤ እሷ ግን እጇን እንኳ አላነሳችም።

ግልገሉ ጠግቦ ተኛ። እናቲቱ ትታው ልጇን ወደደበቀችበት ጎድጓዳ ቦታ ሄደች። ራሷን ዝቅ አድርጋ ተጣራች። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፣ ደግማ ተጣራች። ተመልሳ መጥታ ግልገሉን ላሰችው፣ ደግሞ ወደዚያው ሄደች። ከሰዓቱን በሙሉ እንዲህ ስትመላለስ ዋለች።

«እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከአጋዘኗ ሳትነቅል።

የወለደችኝ እሷ እንዳልሆነች ከልጅነቴ አውቃለሁ። ወላጅ እናቴ ጎረቤቷ ነበረች፣ እኔን ስትወልድ ሞተች። በዚያው ሰሞን ይቺ እናቴም ሕፃኗ ሞቶባት ነበርና አጥብታ አሳደገችኝ። ከዚህ አልፈን ተነጋግረንበት አናውቅም።

«ምን አደረጉሽ እማዬ?»

«የሌላ ሰው ልጅ አላጠባም ብዬ ነበራ። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ። ሴቶቹ በሱ መጠቅለያ ጠቅልለው እቅፌ ውስጥ ከተቱሽ። ሽታው የሱ ነበር። ጡቴ እኔን ሳያስፈቅድ ፈሰሰ።»

ሕፃኑ ወንድ መሆኑን እንኳ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቀው ልጅ ጠረን በላዬ ላይ ያለ መሰለኝ። አልጠየቅሁም ብል ይሻለኝ ነበር፣ ግን ጠየቅኳት።

«እሱን መፈለግ መቼ ተውሽ?»

እናቴ ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

«ተውኩ ያለሽ ማነው?»