ቀኑ ያልደረሰው ድምፅ

ባለፈው እሑድ ልጄ አዲስ ስልክ ገዝታ አመጣችልኝ። የድሮው ስልኬ ከእኔ ቀድሞ ያረጀ ነው፤ አንድ ጥሪ ለማንሳት ሲያስብ ውሎ የሚያድር ዓይነት። አዲሱን ስትነካካ ቆየችና፣ «አባባ፣ የድሮውን ሁሉ ልመልስልህ?» አለችኝ። እሺ ከማለቴ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ይወርዱ ጀመር። ከመካከላቸው አፈር ከለበሱ የቆዩ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ዳቦ እንደያዘ ይስቃል። እሷ ስልክ አስተካከልኩ ብላ ደስ አላት፤ የኔ ክንድ ላይ ግን ፀጉሬ ቆመ። ምክንያቱን ብነግራት «ደግሞ ጀመርክ» ትለኛለች። ቤተሰቤ ከአፌ የሚወጣውን ሁሉ ለአራት አካፍሎ ነው የሚያምነው። ስለዚህ ለእናንተ ላውራው፤ እናንተ ግን ይህን አታካፍሉት።

በወጣትነቴ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር ኮምፒዩተር እንጠግን ነበር። ቤቷ ከጥበቷ የተነሣ አንዳችን ወንበር ስንስብ ሌላችን ውጭ እንገኛለን። ያኔ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ በክረምት ዕቃ ያዘዘ ሰው ዕቃው ሲደርስ ለምን እንዳዘዘው ረስቶታል። የታመመ ኮምፒዩተር ከወግዲ ሳይቀር በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ታቅፎ በአውቶቡስ ይመጣልን ነበር። በሽታው መቼም ቫይረስ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን።

መጫኑ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ከሀ ይጀመራል። የመካነ ሰላም መብራት ደግሞ እንደ ኩሩ እንግዳ ነበር፤ ገና ሳይቀመጥ ይነሣል። ለዚህ መላ ያመጣው ሰይድ ነው። አንዷን ኮምፒዩተራችንን አሳምሮ ጫናት፤ የአማርኛ መጻፊያው፣ የማተሚያው፣ ሁሉም በየቦታው ገባ። ከዚያ ሙሉ ምስሏን፣ ኢሜጅ የሚሉትን፣ በአንድ ፋይል ቀድቶ ለብቻው አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ሲመጣ ያንን ምስል መገልበጥ ብቻ ሆነ። እርሾ በሉት፤ ከአንድ ቡሆ ተቆንጥሮ አገር ምድሩ የሚጋገርበት። ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ሆነ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌሎቹ «ይማርህ» ይላሉ እያልኩ እቀልድ ነበር። በኋላ የሆነውን ባውቅ ኖሮ አፌን እይዝ ነበር።

ሰይድ እንደኔ ለፍላፊ አልነበረም። መጠባበቂያ የሌለው ነገር ያስፈራዋል። ክብሪት እንኳ ለሁለት ኪስ ከፍሎ ነው የሚይዘው። የመስቀል ወፍ ጠፍታ አደይ መርገፍ ስትጀምር፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች በጅቡቲ አድርጎ በባሕር ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ወሰነ። ሊሄድ ሲል በሶ በጥብጠን ጠጣን። ምስሉን እንዳደሰው ነገረኝና፣ «አሮጌውን ተወው፤ ከእንግዲህ በዚህኛው ሥራ» አለኝ። ሄደ። እኔም የታመመ በመጣ ቁጥር አዲሱን ምስል ስገለብጥ ከረምኩ።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም አለቀ። ከሰይድ ወሬ የለም። እናቱ እመት ዘሀራ ገበያ በወጡ ቁጥር በሱቃችን በኩል ያልፋሉ። ደወለ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። «ስልኩ ደህና ነው?» ነው የሚሉት። ደህና ነው እላቸዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሱቁን ስልክ ትንሽ አይተውት ይሄዳሉ።

በጥር፣ ውርጩ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በሚያደርቅበት ሰሞን፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነገር ተፈጠረ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ፀሐፊዋ የሺ ዛሬም ታኮርፈኛለች። የሺ ጠዋት ገብታ፣ ለስብሰባ የገዙት ትልቁ ድምፅ ማጉያ እንደተሰካ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። ስክሪኑ ገና እየበራ ሳለ የሰው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ግቢው ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቶታል፤ እንዲህ ነበር የሚለው፦

«እኔ ሰይድ ነኝ። ይህን ከሰማችሁ እስካሁን አልደወልኩም ማለት ነው። ካልደወልኩ ደግሞ መደወል አልቻልኩም ማለት ነው። ለእናቴ ቀስ ብላችሁ ንገሯት። እንዲህ በሏት…»

የሺ ገመዱን ነቀለችው። ከነግድግዳው ነቀለችው የሚሉም አሉ። ሰይድ ለእናቱ ምን በሏት እንዳለ የሰማ ሰው የለም።

እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ከተማዋን ዞሮ ጨርሶ ለሁለተኛ ዙር ተነሥቶ ነበር። በእኛ አገር መርዶ ሲነገር ሥርዓት አለው። ቀብርና ለቅሶ የሚያሰናዳው ቅሬ ይመክራል፤ ሽማግሌዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ፊቱን ሳይታጠብ ደጁ ላይ ይደርሳሉ። ከሰዓት ላይ ቅሬው መክሮ ጨርሷል፤ በማግሥቱ ንጋት እመት ዘሀራ ደጅ ሊቆሙ ነው። እኔም ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ። ከለቅሶው መሐል ግን የሙያ ነገር ሆነና አንድ ሐሳብ ወጋኝ። ይህ ድምፅ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አለ? ለምንስ ዛሬ ተናገረ?

ወደ ቢሮው ሄድኩ። ዘበኛው እንኳ ወደዚያ ክፍል ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው። የሺ በሩ ላይ ሆና፣ «እኔ አልገባም፤ ከገባህ ደግሞ እኔን እንዳትጠራኝ» አለችኝ። ድምፅ ማጉያውን ነቅዬ ማሽኑን ከፈትኩ። ጥግ ላይ ያለውን ቀን ሳይ ወሩ አምስት ይላል። የአምስተኛው ወር ታሪክ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ኃላፊዋ፣ ደብዳቤው ላይ የሚወጣው ወር ልክ አይደለም እያሉ ሲቆጧት ትናንት ማታ አስተካክላው ኖሯል።

«ጥር አምስተኛ ወር አይደል እንዴ? አምስት አደረግኩት።»

ለእኛ ጥር አምስተኛ ነው። ለማሽኑ ግን አምስተኛው ወር የፈረንጆቹ ነው፤ ግንቦት ላይ ይውላል። ጎርጉሬ ሳይ ሰይድ የሠራትን ትንሽ ፕሮግራም አገኘኋት። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ታያለች፤ የሚያዝያ መጨረሻ ካልደረሰ ዝም ትላለች፤ ካለፈ ድምፁን ትለቃለች። ሰይድ ለራሱ እስከ ሚያዝያ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። እስከዚያ ከደወለ ራሱ «አጥፋው» ይለኛል። የታሰበችው ለሱቃችን ኮምፒዩተር ብቻ፣ እኔ ብቻ እንድሰማት ነው። ግን ሰይድ ሰይድ ነውና፣ መልእክቱ እንዳይጠፋ ብሎ ምስሉን የቀዳው ድምፁን ካስቀመጠ በኋላ ነበር። ያንን ምስል ደግሞ እኔ በየቢሮው ገልብጬዋለሁ። ሰይድ ከተማው ሁሉ ውስጥ ተቀምጦ ሚያዝያን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

የቅሬው ሰብሳቢ አያ ይመር ዘንድ እየሮጥኩ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸውና መርዶው እንዲቆይ ለመንኳቸው።

«ልጁ በራሱ አንደበት ተናግሮ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«የተናገረው ለሚያዝያ ነው አያ ይመር። የማሽኑ ቀን ተሳስቶ ነው።»

«በሚያዝያ ሞቶ በጥር ይነግረናል?»

«ሞቻለሁ አላለም። እስከዚያ ካልደወልኩ ነው ያለው።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ስንቱን መርዶ ተናግሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «ሟቹ ራሱ ቀድሞኝ አያውቅም። ይቆይ እስቲ። ሕያው ሊሆን በሚችል ሰው ላይ ድንኳን አልተክልም።»

በማግሥቱ ሱቁን ስከፍት እመት ዘሀራ ደጁ ላይ ቆመዋል። ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ማን ሊሸወድ! ጎረቤታቸው ሳይጠይቋት ውኃ ቀድታላቸዋለች፤ በነገር የሚፈላለጓት ሌላዋ ደግሞ ትኩስ ቂጣ ልካላቸዋለች። መካነ ሰላም ውስጥ ሰው በድንገት ደግ ከሆነብህ ቤትህ ውስጥ ማን እንደጎደለ ቁጠር። ያወቅሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ተቀምጠው ሰሙኝ።

«የቀረውን አልሰማኸውም?»

«አልሰማሁም እማዬ። ግን ይኸው እዚህ አለ። ከፈለጉ አሁን እከፍተዋለሁ።»

ኮምፒዩተሯን አዩዋት። የተኛ ሰው እንደሚያዩ ነበር አስተያየታቸው።

«ቀኑ ሳይደርስ የሞተ ሰው ቃል ካሰማኸኝ ልጄን አንተ ገደልከው ማለት ነው። አንተም ብቻህን እንዳትሰማው። ማልልኝ።»

ወላሂ አልኩ። የተጠመቅኩ ሰው ነኝ፤ ወሎ ውስጥ ግን ወላሂ የሁሉም ነው፣ እኔም ከልቤ ነበር ያልኩት። ከዚያ ሥራ ሰጡኝ። ከዚህችኛዋ በቀር ከሌላው ሁሉ እንዳወጣው፤ ልጃቸው በየሰው ቤት እንዳይጮህባቸው።

የዚያን ሰሞን ሥራ እንደ ሥራ አልቆጥረውም። ከዋናው ሲዲ ተነሥቼ ንጹሕ ምስል ሠራሁና፣ እያንዳንዱን ኮምፒዩተር እየጠረግኩ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ጉም ከበሽሎ ገደል እየወጣ ከተማዋን ይውጣታል፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን ካየ ዓይነ ጥሩ ይባላል። ባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ስክሪኑ ላይ ያችን ሰማያዊ መስመር ስትሞላ አያለሁ። አንድ ማሽን ጠርጌ በጨረስኩ ቁጥር ልቤ እንደ ቀባሪ ልብ ይከብዳል። ድምፁን በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ የቀበርኩት የሰው ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ አንዱን ስጭን ከኋላዬ ያለውን ለማዘጋጀት ከፍቼው ነበር። የሱም ቀን ተዛብቶ ኖሮ፣ ልክ ጀርባዬ ላይ፣ ትንፋሹ አንገቴን የነካኝ እስኪመስለኝ፣ «እኔ ሰይድ ነኝ» አለ። ዞር አላልኩም። የመሐላው ነገር ትዝ ብሎኝ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ገመዱን ፈለግኩ። እጄ ገመዱን እስኪያገኝ ድምፁ ወደ «እንዲህ በሏት» እየተጠጋ ነበር። ነቀልኩት። እስክረጋጋ ድረስ ጉሙ መስኮቱን ለቆ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ዘንቦ ሚያዝያ ገባ። ስልኩ አልጮኸም። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እመት ዘሀራ መጡ፤ ነጠላቸው ርሷል። አልተቀመጡም።

«ያቺ ሴትዮ ቀኑን ወደፊት ወስዳው ነበር አላልከኝም?»

«ብያለሁ እማዬ።»

«ወደኋላስ መመለስ ይቻላል?»

ገባኝ። ይቻላል አልኳቸው።

«እንግዲያውስ መልሰው።»

ወደ ጥር መለስኩት። እሳቸው አጠገቤ ቆመው አዩ፤ ጣቴን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሳነሣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ኮምፒዩተሯን ቤታቸው ወስጄ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጥኩላቸው፤ በጥልፍ ጨርቅ ሸፈኗት። ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ በውስጧ በተቃረበ ቁጥር እሄዳለሁ፣ ወደ ጥር እመልሳለሁ። የፈላ ወተት ይሰጡኛል። «ዛሬ እዚያ ቀኑ ስንት ነው?» ይሉኛል፤ ዘመድ ያለበት ሩቅ አገር እንደሚጠየቅ። እነግራቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ጀመረ። አያ ይመር መርዶውን ሳይናገሩ አረፉ። በዚያች ሳጥን ውስጥ ግን ሁልጊዜ ያው ዓመት ነው፣ ሰይድም ገና መንገድ ላይ ነው። ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ሰደቃም አላወጡም። ዘመድ ሊመክራቸው ሲሞክር፣ «ልጄ የቀጠረው ቀን መቼ ደረሰና?» ይሉታል።

አምና በክረምት እመት ዘሀራ ራሳቸው አረፉ። ቀብሩ ጭቃ ነበር፤ ከጭቃው ወዲህ ስለ ሳጥኗ ያሰበ የለም። እኔም ነገሩ ትዝ ያለኝ ይህ ስልክ ፎቶዎቹን ሲመልስልኝ ነው። ቀኑን ሳስበው ቀዘቀዝኩ። በውስጧ ሚያዝያ ካለፈ ቆይቷል። ብትከፈት ትናገራለች።

በማግሥቱ ሄድኩ። የሰይድ እህት ፋጡማ ከጂዳ ተመልሳ ቤቱን ይዛዋለች። ነገርኳት። እስኪ ክፈተው፣ ከእንግዲህ ማን እንዳይሰማ ነው አለችኝ፤ ግን በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ጨርቁን ገለጥኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ከፈትኩ። ማራገቢያው አጓራ። ስክሪኑ በራ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

ዝም።

ቀኑን አየሁ። እኔና ሰይድ ሳንተዋወቅ፣ ሱቃችንም ሳይታሰብ የነበረ ዓመት ይላል። ባለሙያ ነኝና ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ውስጧ ያለው ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቷ በራሱ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ ወደተወለደችበት ቀን ይመለሳል። ይህን ለስንቱ ደንበኛ አስረድቻለሁ፣ ስንቱንም ቀይሬያለሁ። እናትየው ከሄዱ ወዲህ ቀኑን የሚመልስ ሰው ጠፍቶ፣ ሳጥኗ ራሷ መለሰችው ብዬ ማሰቡ ነው የከበደኝ።

«ተናገረ?» አለችኝ ፋጡማ ከበሩ።

«አልተናገረም። ቀኑ ገና ሩቅ ነው።»

አዲስ ባትሪ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አሮጌ ማሽን ላይ ስሄድ አይለየኝም። ክዳኗን ፈታሁና የሞተውን አየሁት። የተበላሸ ነገር አይቶ ሳይጠግን መተው በሙያዬ ነውር ነው። እንደዚያም ሆኖ ክዳኗን መልሼ ገጠምኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ጨርቁን አለበስኳት። ፋጡማ ልጣላት ወይ አላለችኝም። ወተት ልታፈላ ገባች።