ቀልድ ነው ብዬ ያልፈረምኩበት

ሰመራ ላይ ሲይዙኝ ፂሜን ገና ግማሹን ነበር የተላጨሁት። ልጨርስ ብል ጊዜ አልሰጡኝም። አዋሽ እስር ቤት አድርሰው ሲያስገቡኝ በቀኝ ጉንጬ ሽማግሌ፣ በግራው ጎረምሳ ነበርኩ። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፤ ገና በረፋዱ ግድግዳው አያስነካም። በላብና በላስቲክ ጫማ ሽታ መሃል የማውቀው ፊት አየሁና ጨዋታዬ ጠፋኝ።

የዶክትሬት ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ነበር። በዘራቸው ተለይተው ስለተገደሉ ሰዎች ያጠናል፤ ግድያው እንዴት እንደሚካድ፣ የቀረው ዘመድ እንዴት እንደሚያስታውሳቸው። ከሳምንታት በፊት ቤቴ መጥቶ በሾፌርነቴ ያየሁትን ነግሬው ጽፎ ነበር፦ ታጣቂዎች በዘራቸው ለይተው ከመኪና አውርደው የገደሏቸውን የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሾፌሮች የቀበርናቸውን። ሲይዙት ስሜ ያለበትን ደብተሩን ወስደውበታል።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩዎት" አለኝ።

ያስያዘኝ ምላሴ ነው፣ አንተ ምን አደረግህ አልኩት። አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ሰፈሬን ጠይቆ ኖሮ፣ ገዋኔ ላይ ግመል የጭነት መኪናዬን ቀደመኝ ብዬ እንደማወራ ሳይቀር ያውቃል። አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ለተማሪው የነገርኩት ሁሉ ቀልድ ነው ይላል። ከፈረምኩ ዛሬውኑ ቤቴ ነኝ፤ ልጁ ግን ሐሰት በማሰራጨት ይከሰሳል።

ወላሂ፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። የስኳር መድኃኒቴ ቤት ቀርቷል፤ ጀግንነትም ከወጣትነቴ ጀምሮ አይስማማኝም።

ግን ዕድሜዬን የኖርኩት ከአፋሮች ጋር ነው። እነሱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚሉትን የመንገድ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያየኸውን የሰማኸውን ታደርሳለህ፣ ያየኸውን ከሰማኸው ሳትቀላቅል። የግመሉን ቀልድ ሰምተው ይስቁ ነበር እንጂ ለማንም አላደረሱልኝም። የቀበርናቸውን ስነግራቸው ግን "አይተህ ነው ሰምተህ?" ብለው ጠየቁኝ። አይቼ ነው አልኩ። ያንኑ ይዘው ሄዱ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።

እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ።

"ጌታዬ፣ በቀልዴ ሰው ይስቃል" አልኩት። "ይሄን ስናገር የሳቀ አላየሁም።"

ወረቀቱን አጠፈው። "እንደፈለጉ፣ አባባ" አለ። ሳይቆጣ ነው ያለው፤ አለመቆጣቱ ነው ያስፈራኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ የልጁ ቦታ ባዶ ነበር። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳቅማማ መጥተው ወስደውታል። የት? የሚያውቅ የለም። ዘበኛውን ብጠይቀው ተቀመጥ አለኝ። ተቀመጥኩ።

ከወራት በኋላ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ሻይ ቤት ስገባ አሁንም ጨዋታ አምጣ ይሉኛል፤ አመጣለሁ። ስለ ልጁ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ሲወስዱት መርማሪው ዘንድ መጠራቴን ያውቃል፤ አለመፈረሜን ግን አያውቅም። የትም ይሁን፣ ሽማግሌው ሸጠኝ ብሎ እያሰበ እንዳይሆን እፈራለሁ።